የጡንቻ ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ ቁጥጥር፦ በአንድ ኢንዛይም ላይ የሚገናኙ ሁለት ምልክቶች

መግቢያ

በእረፍት ላይ የነበረ የአጽም ጡንቻ ወደ ከባድ ሥራ ሲሸጋገር የኃይል ፍጆታው በቅጽበት በብዙ እጥፍ ያድጋል። በሕዋሱ ውስጥ የሚገኘው አዴኖሲን ትራይፎስፌት (ከዚህ በኋላ ኤቲፒ) ግን ከጥቂት ሰከንዶች ከባድ መኮማተር የሚያልፍ አይደለም። ፎስፎክሬአቲን ክፍተቱን ለአጭር ጊዜ ይሸፍናል፤ ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ያጠራቀመውን ግላይኮጅን መጠቀም ይኖርበታል። በአንድ አዋቂ ሰው ጡንቻዎች ውስጥ በድምሩ 400 ግራም ገደማ ግላይኮጅን ይገኛል። ይህ ክምችት በእረፍት ጊዜ እንዳይባክን፣ በሥራ ጊዜ ደግሞ ሳይዘገይ እንዲከፈት የሚያደርገው ዋናው ኢንዛይም ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ ነው።

የባዮኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት የዚህን ኢንዛይም ቁጥጥር ብዙውን ጊዜ በሁለት ርዕሶች ከፍለው ያቀርባሉ። አንደኛው አሎስቴሪክ ቁጥጥር ሲሆን፣ አነስተኛ ሞለኪውሎች ከኢንዛይሙ የሥራ ማዕከል ርቀው በመጣበቅ የኢንዛይሙን ብርታት የሚለውጡበት ነው። ሁለተኛው ፎስፎሪሌሽን፣ ማለትም በአንድ አሚኖ አሲድ ላይ የፎስፌት ቡድን በኮቫለንት ትስስር የሚታከልበት ነው። አከፋፈሉ ለማስተማር ቢመችም ሁለቱ የተለያዩ ስልቶች እንደሆኑ አድርጎ የማሳሰብ ጠንቅ አለው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱም የሚገፉት አንዱኑ የቅርጽ ሚዛን መሆኑን፣ ይዘውት የሚመጡት መረጃ ግን የተለያየ መሆኑን ያብራራል። ከዚህም በመነሣት የኢንዛይሙን የፎስፎሪሌሽን መጠን ብቻ በመለካት የጡንቻን የግላይኮጅን አጠቃቀም መገመት ለምን እንደሚያሳስት ያሳያል።

የኢንዛይሙ ሥራና የተገኘበት መንገድ

ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ ከግላይኮጅን ቅርንጫፍ ጫፍ አንዲት የግሉኮስ አሃድ የሚለየው በውኃ ሳይሆን በኢንኦርጋኒክ ፎስፌት ነው። ውጤቱ ግሉኮስ-1-ፎስፌት ሲሆን፣ ይህም ወደ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ተለውጦ ወደ ግላይኮሊሲስ ይገባል። የአካሄዱ ጥቅም ግልጽ ነው። ከደም የገባ ግሉኮስ ፎስፌት እንዲያገኝ አንድ ኤቲፒ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከግላይኮጅን የተለየው አሃድ ግን ፎስፌቱን ይዞ ስለሚወጣ ይህ ወጪ ይቀርለታል። ስለዚህ ኦክስጅን በሌለበት ግላይኮሊሲስ ከደም ግሉኮስ የሚገኘው የተጣራ ትርፍ 2 ኤቲፒ ሲሆን፣ ከግላይኮጅን አሃድ የሚገኘው 3 ነው።

ግሉኮስ-1-ፎስፌትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት በሴንት ሉዊስ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ካርል ኮሪና ገርቲ ኮሪ በ1936 እ.ኤ.አ. ነበር። በእነዚያው ዓመታት የጡንቻ ጭማቂ ላይ ሲሠሩ አዴኒሊክ አሲድ፣ ማለትም አዴኖሲን ሞኖፎስፌት (ኤኤምፒ)፣ ካልተጨመረ ኢንዛይሙ እንደማይሠራ አስተዋሉ። ኤኤምፒ በኬሚካዊ ለውጡ ውስጥ አይጠፋም፣ አይለወጥምም፤ መገኘቱ ብቻ ግን ኢንዛይሙን ያነቃቃዋል። “አሎስቴሪክ” የሚለው ቃል በ1961 እ.ኤ.አ. በዣክ ሞኖና በፍራንሷ ዣኮብ ከመፈጠሩ ከሃያ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ክስተቱ በዚህ ኢንዛይም ላይ ታይቶ ነበር ማለት ነው።

በ1943 እ.ኤ.አ. በዚያው ላቦራቶሪ ኢንዛይሙ በክሪስታል መልክ ተገኘ። ይህኛው ያለ ኤኤምፒ የሚሠራ በመሆኑ ፎስፎሪሌዝ ኤ ተባለ፤ ኤኤምፒን የሚሻው ፎስፎሪሌዝ ቢ የሚለውን ስም ያዘ። በጡንቻ ውስጥ “ኤ”ን ወደ “ቢ” የሚለውጥ ሌላ ኢንዛይምም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ፎስፎሪሌዝ ኤ ያለ ኤኤምፒ የሚሠራው ኤኤምፒን አስቀድሞ በውስጡ አጥብቆ ስለያዘ ነው፣ ለዋጩ ኢንዛይምም ያንን ኤኤምፒ የሚነቅል ነው የሚል ግምት ነበራቸው። ግምቱ በጊዜው ምክንያታዊ ቢሆንም በፎስፎሪሌዝ ኤ ውስጥ የተጠበቀው ኤኤምፒ ሊገኝ አልቻለም።

እንቆቅልሹ የተፈታው በሲያትል፣ በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን፣ በኤድመንድ ፊሸርና በኤድዊን ክሬብስ ነው። ፊሸር ቀደም ሲል የድንች ፎስፎሪሌዝን ያጠና ሲሆን የድንቹ ኢንዛይም ኤኤምፒን አይሻም፤ ክሬብስ ደግሞ በኮሪዎቹ ላቦራቶሪ የጡንቻውን ኢንዛይም ያውቅ ነበር። ጥያቄያቸው የልዩነቱ ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነበር። በሥራቸው ሂደት የጡንቻ ጭማቂን በማጣሪያ ወረቀት ሲያሳልፉ ፎስፎሪሌዝ ኤ እንደሚያገኙ፣ ያለ ማጣሪያ ወረቀት ግን “ቢ” ብቻ እንደሚቀር አዩ። ምክንያቱ ወረቀቱ የያዘው የካልሲየም ብክለት ሆኖ ተገኘ፤ ካልሲየሙ ከኤቲፒ ፎስፌት ወስዶ በፎስፎሪሌዝ ላይ የሚያክለውን ኢንዛይም፣ ፎስፎሪሌዝ ካይኔዝን፣ ያነቃቃ ነበር። በ“ኤ” እና በ“ቢ” መካከል ያለው ልዩነት አንድ የፎስፌት ቡድን ብቻ መሆኑ በዚህ መንገድ ታወቀ። ከ“ኤ” ላይ የሚነቀለውም ኤኤምፒ ሳይሆን ይኸው ፎስፌት ነው። ኮሪዎቹ የ1947ቱን የኖቤል ሽልማት ከበርናርዶ ኡሳይ ጋር ተካፈሉ፤ ፊሸርና ክሬብስም በ1992 እ.ኤ.አ. ተሸለሙ።

ሁለት ቅርጾች፣ አንድ ሚዛን

የጡንቻ ፎስፎሪሌዝ ሁለት አንድ ዓይነት ንዑስ ክፍሎች የተጣመሩበት ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ ንዑስ ክፍል ከ840 በላይ አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት ፒሪዶክሳል ፎስፌት የተባለውን የቫይታሚን ቢ6 ዘር በሥራ ማዕከሉ ይይዛል። በ1965 እ.ኤ.አ. ሞኖ፣ ዋይማንና ሻንዡ ባቀረቡት ሞዴል ቋንቋ ሲገለጽ፣ ጥምሩ በሁለት ቅርጾች መካከል ይወዛወዛል። አንደኛው “ቲ” የሚባለው የተወጠረና ደካማ ቅርጽ ነው፤ ሁለተኛው “አር” የሚባለው የላላና ንቁ ቅርጽ ነው። ሞለኪውሎቹ ምንጊዜም በሁለቱ መካከል ተከፋፍለው ይገኛሉ። የቁጥጥሩ ምንነትም ክፍፍሉን ወደ አንዱ ወገን ማዘንበል ነው።

የሉዊዝ ጆንሰን ቡድን በኦክስፎርድ፣ የሮበርት ፍሌተሪክ ቡድን ደግሞ በሰሜን አሜሪካ በኤክስ ሬይ ክሪስታሎግራፊ ያከናወኗቸው ጥናቶች ሁለቱን ቅርጾች በአቶም ደረጃ አሳይተዋል። የሥራ ማዕከሉ ከፕሮቲኑ ገጽ ወደ ውስጥ በዘለቀ ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ይገኛል። በ“ቲ” ቅርጽ ውስጥ ከ280ኛው አሚኖ አሲድ በኋላ ያለው አጭር ቀለበት መተላለፊያውን ይዘጋዋል። በዚያ ላይ ያለው 283ኛው አሚኖ አሲድ፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ አሉታዊ ሙላት ስላለው እንደ እርሱ አሉታዊ የሆነውን ኢንኦርጋኒክ ፎስፌት ይገፋዋል። ጥምሩ ወደ “አር” ሲያዘነብል ሁለቱ ንዑስ ክፍሎች አንዱ በሌላው ላይ በ10 ዲግሪ ገደማ ይዞራሉ፤ ቀለበቱ ከቦታው ይነሣል፤ በአስፓርቲክ አሲዱ ስፍራም አዎንታዊ ሙላት ያለው 569ኛው አሚኖ አሲድ፣ አርጂኒን፣ ይተካል። ፎስፌቱን የሚገፋው ቦታ በዚህ ለውጥ ፎስፌትን የሚስብ ይሆናል።

የሁለቱን ምልክቶች አንድነት በግልጽ የሚያሳየው መቀበያዎቻቸው የሚገኙበት ስፍራ ነው። ኤኤምፒ የሚጣበቀው ከሥራ ማዕከሉ 30 አንግስትሮም ያህል ርቆ፣ ሁለቱ ንዑስ ክፍሎች በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። የፎስፎሪሌሽን ስፍራ የሆነው 14ኛው አሚኖ አሲድ፣ ሴሪን፣ ፎስፌት ሲታከልበት ከነበረበት ተነሥቶ የሚያርፈው በዚያው መገናኛ አቅራቢያ ነው፤ በዚያም ከሁለቱ ንዑስ ክፍሎች በተውጣጡ አርጂኒኖች ይያዛል። ሁለቱም ምልክቶች የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ንዑስ ክፍሎቹን በመገናኛቸው ላይ በማጥበቅ ጥምሩን ወደ “አር” ያዘነብሉታል። በተቃራኒው ኤቲፒና ግሉኮስ-6-ፎስፌት ኤኤምፒ በሚይዘው ስፍራ በመሻማት “ቲ”ን ያጸናሉ። በእረፍት ላይ ባለ ጡንቻ የእነዚህ የሁለቱ መጠን ከኤኤምፒ እጅግ ስለሚበልጥ ፎስፎሪሌዝ ቢ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ይሆናል።

ስለዚህ ፎስፎሪሌሽንን ከአሎስቴሪክ ቁጥጥር የተለየ ዓይነት ክስተት አድርጎ ማየት አያስፈልግም። በሴሪኑ ላይ የታከለው ፎስፌት ከፕሮቲኑ ጋር በኮቫለንት ትስስር የተሳሰረ አሎስቴሪክ አነቃቂ ነው ሊባል ይችላል። ልዩነታቸው ኤኤምፒ መጠኑ ሲቀንስ ወዲያው የሚለቅ ሲሆን፣ ፎስፌቱ ግን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም እስኪነቅለው ድረስ የሚቆይ መሆኑ ነው።

አነስተኛ የኤቲፒ ቅናሽ እንዴት ትልቅ ምልክት ይሆናል

ኤቲፒ ገቺ፣ ኤኤምፒ አነቃቂ ከሆኑ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በመጠነኛ ሥራ ጊዜ በጡንቻ ውስጥ ያለው የኤቲፒ መጠን የሚቀንሰው በጥቂት ከመቶ ብቻ ነው። ይህን ያህል አነስተኛ ለውጥ በራሱ የኢንዛይሙን ፍጥነት በብዙ እጥፍ ሊለውጥ አይችልም። መልሱ ያለው አዴኒሌት ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም በሚያስጠብቀው ሚዛን ላይ ነው፦

2 ኤዲፒ ⇌ ኤቲፒ + ኤኤምፒ

የዚህ ሚዛን ቋሚ ቁጥር ወደ 1 የሚጠጋ ነው። ለስሌት እንዲመች በትክክል 1 ነው ብንል፣ የኤኤምፒ መጠን የኤዲፒ መጠን በራሱ ተባዝቶ ለኤቲፒ ሲካፈል የሚገኘው ይሆናል። ለምሳሌ በእረፍት ላይ ያለ ሕዋስ 5.0 ሚሊሞላር ኤቲፒና 0.05 ሚሊሞላር ነፃ ኤዲፒ ቢኖረው ኤኤምፒው 0.0005 ሚሊሞላር ነው። ሥራ ተጀምሮ ነፃው ኤዲፒ ወደ 0.20 ሚሊሞላር ቢያድግ፣ የሦስቱ ድምር እንዳለ ሆኖ ኤቲፒው ወደ 4.84 ሚሊሞላር ዝቅ ይላል፤ ኤኤምፒው ግን ወደ 0.008 ሚሊሞላር ይወጣል። ኤቲፒ በ3 ከመቶ ገደማ ሲቀንስ ኤኤምፒ በ16 እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ኢንዛይሙ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የኃይል እጥረት የሚያነበው ብዙ ከሆነውና ከማይንቀሳቀሰው ኤቲፒ ይልቅ ጥቂት ከሆነውና በቀላሉ ከሚለዋወጠው ኤኤምፒ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደረባሉ። በመጀመሪያ፣ ፎስፎክሬአቲን ሲፈርስ ኢንኦርጋኒክ ፎስፌት ይጨምራል፤ ፎስፌት ደግሞ የፎስፎሪሌዝ መነሻ ንጥረ ነገር በመሆኑ መጨመሩ ብቻውን ፍጥነቱን ያሳድጋል። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲከብድ ከኤኤምፒ የሚፈጠረው ኢኖሲን ሞኖፎስፌት (አይኤምፒ) ይከማቻል፤ ይህም ከኤኤምፒ የደከመ ቢሆን አነቃቂ ነው።

በጉበት ውስጥ ያለው የዚህ ኢንዛይም ወንድም ጠባይ ንጽጽሩን ያጎላል። የጉበት ፎስፎሪሌዝ ለኤኤምፒ ብዙም ምላሽ አይሰጥም፤ ይልቁንም ግሉኮስ ራሱ ይገታዋል። ጉበት ግላይኮጅን የሚያከማቸው ለመላው አካል በመሆኑ የሚከታተለው የደምን ግሉኮስ ነው። ጡንቻ ግን ግሉኮስ-6-ፎስፌትን ወደ ነፃ ግሉኮስ የሚለውጠው ኢንዛይም ስለሌለው ክምችቱን ለራሱ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ኢንዛይሙም የሚከታተለው የራሱን ሕዋስ የኃይል ይዞታ ነው።

ከነርቭና ከሆርሞን የሚመጣው ምልክት

ኤኤምፒ የሚናገረው አስቀድሞ ስለደረሰ እጥረት ነው። ፎስፎሪሌሽን ግን እጥረቱ ከመድረሱ በፊት ኢንዛይሙን ያዘጋጃል። ፎስፎሪሌዝ ካይኔዝ ከአራት ዓይነት ንዑስ ክፍሎች፣ ከእያንዳንዳቸው አራት አራት፣ በድምሩ ከ16 የተገነባ ግዙፍ ፕሮቲን ነው። ከአራቱ አንዱ ዓይነት ካልሲየምን የሚይዘው ካልሞዱሊን ነው። ነርቭ ጡንቻውን ሲያዝ ከሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚለቀቀው ካልሲየም በአንድ ወገን መኮማተርን ያስነሣል፣ በሌላ ወገን ካይኔዙን ያነቃቃል። ስለዚህ ኃይል የሚያወጣው ሂደትና ኃይል የሚያቀርበው ሂደት የሚጀምሩት በአንድ ትእዛዝ ነው። አድሬናሊን ደግሞ በሳይክሊክ ኤኤምፒና በፕሮቲን ካይኔዝ ኤ በኩል ይኸንኑ ካይኔዝ ፎስፎሪሌት አስደርጎ ለካልሲየም ይበልጥ ስሜታዊ ያደርገዋል።

እንግዲህ የመረጃ ክፍፍሉ ይህን ይመስላል፦ ካልሲየም ሥራ መጀመሩን፣ አድሬናሊን የመላው አካል ዝግጁነት መጨመሩን፣ ኤኤምፒና ፎስፌት ደግሞ በዚያች ሕዋስ ውስጥ የተፈጠረውን የኃይል ጉድለት ልክ ያሳውቃሉ። ሁሉም የሚደመሩት በአንዱ የ“ቲ” እና የ“አር” ሚዛን ላይ ነው።

አንዱ ሲጎድል የሚታየው

የእያንዳንዱ ክፍል ድርሻ የሚገለጠው ሲጎድል ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ብሪያን ማክአርድል በለንደን በጋይስ ሆስፒታል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በአካላዊ ሥራ ጊዜ የጡንቻ ሕመምና ድካም ስለሚሰማው የ30 ዓመት ሰው ዘገበ። የደም ዝውውሩ በተገታ ክንድ ሥራ ሲሠራ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚጨምረው ላክቴት በዚህ ሰው ደም ውስጥ አልጨመረም። በ1959 እ.ኤ.አ. በተመሳሳይ ሕሙማን ጡንቻ ውስጥ የጎደለው ፎስፎሪሌዝ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሕመሙም የማክአርድል በሽታ ተባለ። ሕሙማኑ ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይቸገራሉ፤ ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ ከደም የሚመጣው ግሉኮስና የስብ አሲድ ሲደርስላቸው ይቀልላቸዋል። ከባድ ሥራ ከቀጠሉ ግን የጡንቻ ሕዋሳት ሊፈርሱና ማዮግሎቢን ወደ ሽንት ሊወጣ ይችላል።

ይህ በሽታ አንድ ሌላ ክርክርም ዘግቷል። በሙከራ ዕቃ ውስጥ ፎስፎሪሌዝ ግላይኮጅንን ሊያፈርስም ሊሠራም ስለሚችል፣ በሕዋስ ውስጥም ግላይኮጅንን የሚሠራው እርሱ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ፎስፎሪሌዝ የጎደላቸው ሕሙማን ጡንቻ ግን ግላይኮጅን አላጣም፤ እንዲያውም በዝቶበታል። ሥራው የሌላ ኢንዛይም መሆኑን የሉዊስ ሌሎአር ምርምርም አረጋግጧል።

በማክአርድል በሽታ የጎደለው ኢንዛይሙ ራሱ ነው። ፎስፎሪሌሽኑ ብቻ ቢጎድልስ? “አይ” በሚል ስም የሚታወቀው የላቦራቶሪ አይጥ ዝርያ በጡንቻው ውስጥ የፎስፎሪሌዝ ካይኔዝ ሥራ በዘር የጎደለው ነው። ጡንቻው ሲኮማተር ፎስፎሪሌዝ ኤ እንደሚገባው አይፈጠርም። ሆኖም ጡንቻው ከጤነኛው ይዘግይ እንጂ ግላይኮጅኑን ያፈርሳል፤ ፎስፎሪሌዝ ቢ በኤኤምፒና በአይኤምፒ ይነቃቃልና። በሰዎች ላይም የጡንቻ ፎስፎሪሌዝ ካይኔዝ ጉድለት ከማክአርድል በሽታ ይልቅ ቀለል ያለ ሕመም ያስከትላል። አሎስቴሪኩ መንገድ ብቻውን ሥራውን ማስኬድ እንደሚችል፣ ፎስፎሪሌሽኑ ግን ቅልጥፍናን እንደሚጨምር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለመለኪያ ዘዴዎች ያለው ትርጉም

የጡንቻ ፎስፎሪሌዝ በተለመደው ዘዴ የሚለካው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ ኤኤምፒ ሳይጨመር፣ ሌላ ጊዜ ኤኤምፒ በብዛት ተጨምሮ። የመጀመሪያው “ኤ”ን፣ ሁለተኛው ጠቅላላውን ያሳያል፤ ውጤቱም በከመቶ ይገለጻል። ናሙናው በፈሳሽ ናይትሮጅን በፍጥነት ካልቀዘቀዘ፣ በማዘጋጃ ፈሳሹም ውስጥ ካልሲየምን የሚይዝ ኢዲቲኤና ፎስፋቴዝን የሚገታ ፍሎራይድ ካልተጨመረ፣ በመለያ ጊዜ “ኤ” ወደ “ቢ” ወይም “ቢ” ወደ “ኤ” ሊለወጥ ይችላል።

ዘዴው በጥንቃቄ ቢሠራም የሚነግረው የግማሹን ታሪክ ነው። ጡንቻው ሲፈጭና በፈሳሽ ሲበረዝ በሕዋሱ ውስጥ የነበሩት ኤኤምፒ፣ ኤቲፒ፣ ግሉኮስ-6-ፎስፌትና ፎስፌት ስለሚቀጥኑ የአሎስቴሪክ ምልክቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው በኮቫለንት የታከለው ፎስፌት ብቻ ነው። ይህ ክፍተት በተጨባጭ ጥናቶች ታይቷል። በእረፍት ላይ ላለ ሰው አድሬናሊን ሲሰጥ የጡንቻው ፎስፎሪሌዝ ኤ ድርሻ በእጅጉ ያድጋል፤ የግላይኮጅን መፍረስ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም፤ ነፃው ፎስፌት አነስተኛ ነውና። በተቃራኒው መኮማተር ሲራዘም የ“ኤ” ድርሻ ከመጀመሪያው ከፍታው ወደ ታች ይመለሳል፤ ግላይኮጅን ግን መፍረሱን ይቀጥላል። በመጀመሪያው ምሳሌ “ኤ” ብዙ ሆኖ ሥራው ጥቂት ነው፤ በሁለተኛው “ኤ” ጥቂት ሆኖ ሥራው አለ። “የኤ መጠን ከፍ ስላለ ግላይኮጅን በፍጥነት ፈርሷል” የሚል ድምዳሜ በሁለቱም ላይ ይሳሳታል።

ማጠቃለያ

የጡንቻ ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ ለአሎስቴሪክ ቁጥጥርም ለፎስፎሪሌሽንም የመጀመሪያው ምሳሌ ሆኖ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱ ምልክቶች በአንድ የንዑስ ክፍሎች መገናኛ ላይ ስለሚያርፉ አንዱን የመረመረ ሌላውን ማግኘቱ አይቀርም ነበር። ከዚህ ለምርምር ሥራ የሚገኘው መመሪያ ቀላል ነው። በጡንቻ ናሙና ላይ የፎስፎሪሌዝን ቁጥጥር የሚያጠና ጥናት ከ“ኤ” ድርሻ ጋር የኤቲፒን፣ የፎስፎክሬአቲንን፣ የላክቴትንና የግሉኮስ-6-ፎስፌትን መጠን ከዚያው ናሙና መለካት፣ ነፃውን ኤዲፒና ኤኤምፒም ከክሬአቲን ካይኔዝና ከአዴኒሌት ካይኔዝ ሚዛን ማስላት ይኖርበታል። በጠቅላላ ጭማቂ ውስጥ የሚለካው ኤዲፒ አብዛኛው ከፕሮቲን ጋር የተያዘ በመሆኑ ኢንዛይሙ የሚያየውን መጠን አያመለክትም። የግላይኮጅኑ ቅናሽ ራሱ ከእነዚህ ጎን ካልተመዘገበ፣ ከኢንዛይም መለኪያ ብቻ ተነሥቶ ስለ ጡንቻው የኃይል አጠቃቀም መናገር ከመረጃው በላይ መሄድ ይሆናል።